በሰባተኛው ሥዕል ላይ የቀረ ነጭ

መስከረም 12

ይድረስ ለችኩሌ፣ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፤

ያለህበት ደጅ ሰላም ይሁን፤ ጤናህ ከሥራህ አይነስ። እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ዓይኔም ጥርሴም የራሴ ናቸው።

ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤዬን ስታይ «እትዬ ምን ሊጠይቁኝ ይሆን?» ማለትህ አይቀርም። ልክ ነህ፣ ልጠይቅህ ነው። ግን መጀመሪያ ወሬዬን ስማ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ቀለም ሳለብስ ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ቀያሾቹ መሬቱን ለክተው ያመጣሉ፣ ንድፍ ሠሪው በመስመር ያወጣዋል፣ እኔ ደግሞ ደኑን አረንጓዴ፣ ውሃውን ሰማያዊ፣ ገደሉን ቡናማ አለብሰዋለሁ። ከካርታው ግርጌ የቀያሹ ስም አለ፣ የንድፍ ሠሪው አለ፣ የኃላፊው አለ። የእኔ የለም። ደንቡ ነበርና አልተቀየምኩም። ብቻ እጄ ብሩሽ ለምዶ ኖሮ ሥራ ፈት ሲሆን ቤቱ ጠበበኝ።

አሁን የራሴን መሬት በውሃ ቀለም እሥላለሁ። ከከተማው ጀርባ ያለውን ሸለቆ ነው፤ እንዳለ ግን አይደለም። ተራራን እንደ ተራራ ማየት የፈለገ ሰው መስኮቱን ይክፈት። እኔ ኮረብታዎቹን እንደ ታጠፈ ብርድ ልብስ አንዱን በአንዱ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ዛፎቹ እኩል እኩል ይቆማሉ፤ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሪባን ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መጥታ አየችና «እትዬ፣ ይሄ ዛፍ ነው ሹካ?» አለችኝ። «ለራበው ሹካ ነው» አልኳት። ስቃ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ባሏን ይዛ ተመለሰች፣ እሱም ቆሞ አየ።

ችግሬ ወረቀት ነው። እዚህ አገር ቤት የሚሸጠው ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ሁለተኛ ሲነካው ይላጣል። ከጥጥ የሚሠራ ወፍራም ወረቀት አለ ይላሉ። እሱን ፈልገህ ላክልኝ። ገንዘብ እንዳትልክ። ገንዘብ እዚህም አለ፣ የሌለው ወረቀቱ ነው።

እትዬህ


ጥቅምት 9

ለማከብርዎት ለእትዬ፤

ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለደረጃው ደግሞ ርኅራኄ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ቀን ቀን መሰላል ላይ፣ ማታ ማታ ወንበር ላይ ነኝ። በዚህ ሳምንት የአንድ ጥርስ ሐኪም ኮሪደር እየቀባን ነው። ታካሚዎቹ ጉንጫቸውን ይዘው ሲያልፉ እኔም ሳላውቀው ጉንጬን እይዛለሁ።

ወረቀቱን ገዛሁ፣ ሃያ ሉክ። ሻጯ «ለሠዓሊ ነው?» ስትለኝ «ለእትዬ ነው» አልኳት፤ እንዴት እንደ ተረዳችው እንጃ፣ ጥሩውን አወጣችልኝ። እንዳይታጠፍ በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል አስሬዋለሁ። ገንዘብ እንዳትልክ ስላሉኝ ትንሽ ብቻ ነው ያስገባሁት።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳይቆጡኝ። ባለፈው ወር የሰፈራችንን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ቀባን። ግድግዳው ሲያልቅ ኃላፊዋ ሴትዮ እጇን አጣምራ ቆማ «አሁን ምን እንስቀልበት?» አለች። አፌ ቀደመኝና «አክስቴ መልክዓ ምድር ይሥላሉ» አልኳት። ሥዕልዎን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ያለኝ የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው። እሷ ግን ከልቧ ሰማችኝ። ስድስት ሰባት ያህል ይላኩና እንያቸው ብላለች። ከየሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም በካርድ ይጻፋል።

እምቢ ካሉም ይገባኛል። ግን እምቢ አይበሉ።

ልጅዎ ችኩሌ


ኅዳር 6

ይድረስ ለችኩሌ፤

መሰላልህ አይንሸራተት፣ ጓደኞችህ ከሥርህ አጥብቀው ይያዙልህ።

ባቄላ ዘርተህ በቅሎ እንደሆነ ለማየት በየማለዳው ቆፍረህ የምታወጣ ልጅ ነበርክ፤ ችኩሌ ያልንህም ለዚያ ነው። በዕድሜህ ሙሉ መቸኮልህ አንድ ጊዜ ለበጎ ሆነ። ያላየኸውን ሥዕል ለሰው ማሞገስህን ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ «የዘመድ ዳኛ» አለችና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

ገንዘቡን ልብስ ሰፊዋ ለልጆቿ ደብተር ገዛችበት። ሁለተኛ እንዳትልክ። ወረቀቱ ግን! አንዱን ሉክ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ ጣቴን ባሳልፍበት ይሻክራል፣ ውሃ ባደርግበት አይደነግጥም። ከእንግዲህ ለሚበላሸው ሥራ ምክንያት የለኝም።

እንዴት እንደምሠራ ልንገርህ፣ አንተም የቀለም ሰው ነህና። ወረቀቱን አርጥቤ በጣውላ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር እወጥረዋለሁ። መጀመሪያ በጣም የቀጠነ ቀለም፣ ውሃ ሊባል ምንም ያልቀረው፣ ከላይ ወደ ታች አወርዳለሁ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እስኪደርቅ የሚቀጥለውን ኮረብታ አልነካም፤ ከነካሁት አንዱ ኮረብታ ሌላው ላይ ይፈሳል። ሩቁ ኮረብታ አንድ ዙር ቀለም ይበቃዋል፣ ቅርቡ አምስት ስድስት ይደርሳል። አንተ ብትሆን በመካከሉ ስንት ግድግዳ በቀባህ!

ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ። እኔም ሥዕሌ ተሰቀለ የሚል ደብዳቤ እስካይ አላምንም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እፈልገዋለሁ። ስሜ ከሥራዬ ሥር ተጽፎ የማላውቀው ሰው ቆሞ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ጽፌ አላውቅም። መልሼ ሳነበው አፈርኩ፣ ግን አልሰርዘውም።

እትዬህ


ታኅሣሥ 2

ለእትዬ፤

ዕድሜና ብርታት አይለይዎት። ለሴትዮዋ ያሠራር ዘዴዎን ከደብዳቤው አነበብኩላት። ጨርሳ ሳትሰማ ቀን ቆረጠች፤ ነሐሴ 20 ይከፈታል፣ ወር ይቆያል። ሰባት ሥዕል፣ ትልቁ ከመሃል።

ግድግዳውን ለክቼ ሰባት ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። የሥራ ጓደኞቼ የእትዬ ግድግዳ ብለው ስም አወጡለት፤ ማንም መሰላል አያስጠጋበትም።

ችኩሌ


ጥር 15

ይድረስ ለችኩሌ፤

ደጅህ ይድመቅ፣ እጅህ ይባረክ።

ሰባቱም በካርቶን ቱቦ ተጠቅልለው ዛሬ በፖስታ ወጥተዋል። ፖስታ ቤት የሚሠራው ሰው «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ኮረብታ» አልኩት። «ይከብዳል?» ብሎ በሚዛኑ አስቀመጠው።

ስድስቱን ታያቸዋለህ፤ ጥሩ ናቸው፣ አልዋሽም። ሰባተኛው ግን ሌላ ነው። ትልቁ እሱ ነው። ከሸንተረሩ አናት ማለዳ ላይ የታየው ሸለቆ ነው፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከመጨረሴ በፊት ሌሊት ተነስቼ ግማሹን በእጄ ጋርጄ አየው ነበር፣ እንዳልሰለቸው። እንዴት እንደ ወጣልኝ አላውቅም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ስድስቱ ቢጠፉ አዝናለሁ፣ ይህ ቢጠፋ ግን እታመማለሁ።

ስትይዘው እጅህን ታጠብ። ከእርጥበት ጠብቀው። ፍሬሙን ሳትቸኩል አሠራ። ሲደርስህ ያየኸውን ጻፍልኝ፣ በተለይ ስለ ሰባተኛው።

እትዬህ


የካቲት 10

ለእትዬ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቱቦው በደህና ደርሷል። ሥዕሎቹ በጣም ቆንጆ ናቸው። ሴትዮዋም ስድስቱን አይታ ወድዳቸዋለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት። ለወረቀት የሚሆን ገንዘብ አስገብቻለሁ፣ በዛ ያለ ነው፣ እባክዎ አይመልሱት።

ችኩሌ


መጋቢት 4

ይድረስ ለችኩሌ፤

ያሰብከው ይሙላልህ፤ ያላሰብከው አይድረስብህ።

ደብዳቤህ አምስት መስመር ነው። ስለ ጥርስ ሐኪም ኮሪደር እንኳ ከዚህ በላይ ጽፈህልኛል። ደግሞ «ስድስቱን አይታ» ትላለህ። እኔ የላክሁት ሰባት ነው፤ ቆጥሬ ነው የጠቀለልኩት። ገንዘቡም አስፈራኝ። ሰው ሲያጠፋ ነው እንዲህ እጁ የሚፈታው።

ታምመህ ከሆነ ንገረኝ። ሥራ ለቀህ ከሆነም ንገረኝ፣ ዘመድ ለዚያ ነው። ሥዕሉ መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነም አትደብቀኝ። የማላውቀው ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እትዬህ


መጋቢት 27

ለእትዬ፤

ዛሬ ለመመረቅ አፍ የለኝም።

ሰባተኛው ሥዕል ተበላሽቷል። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አልጠፋም፣ ፖስታ ቤትም ጥፋት የለበትም። ይህን ልጽፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቱቦውን የከፈትኩት እሑድ ነበር። እጄን ታጥቤ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ሰባተኛውን ሳየው ደስ አለኝ፣ ደስታዬ ግን አልቆየም። ነጭ ነጭ ቦታዎች አየሁበት፣ ብሩሽ ያልደረሰባቸው። እትዬ፣ አባቴን ያውቁታል። ሥራ ሲያስተምረኝ ግድግዳው ካለቀ በኋላ አምፖል ይዞ በጎን በኩል ያበራ ነበር። ብሩሽ የዘለላት ቦታ ካገኘ ጣቱን ያስቀምጥባትና ዝም ይላል። ከጥፊ የሚብስ ዝምታ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልቀባው የተውኩት ቦታ የለም።

ፖስታ እንዳያመልጥዎት ተጣድፈው፣ ወይም ቀለም አልቆብዎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ «አላለቀም» ብትልስ? ሰው ቆሞ ቢስቅብዎትስ? ይህን አልወደድኩም። ከጥርስ ሐኪሙ ኮሪደር የተረፈ ነጭ ቀለም ቤት ነበረኝ። ቀጭን ብሩሽ ይዤ፣ ጠርዝ ጠርዙን ተጠንቅቄ፣ ነጩን ቦታ ነጭ ቀባሁት።

እርጥብ እያለ ያማረ መስሎኝ ነበር። ሲደርቅ ግን የእኔ ነጭ እንደ ስቱኮ ተለጥፎ ቀረ፤ የወረቀትዎ ነጭ ያበራል፣ የእኔው ሞቷል። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። በእኛ ሥራ ቀለም አንዴ ከደረቀ ቢታጠብም አይለቅም። ስለዚህ የእኔን ብቻ ላነሳ ስፖንጅ አረጠብኩ። «ከእርጥበት ጠብቀው» ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ ዝናቡን የሚሉ መስሎኝ። ኮረብታዎቹ ሁሉ ተነስተው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ወረቀቱ በሙሉ የቆሸሸ የልብስ ማጠቢያ ውሃ መሰለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለሴትዮዋ ሰባተኛው ገና አልደረሰም ብያታለሁ። ለእርስዎም ዋሸሁ፣ ለእሷም ዋሸሁ። የሚሉኝን ይበሉኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ችኩሌ


ግንቦት 2

ችኩሌ፤

ሰላምታውን የዘለልኩት ረስቼ አይደለም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አምስት ቀን ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብሩሾቼን ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኳቸው። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም፣ እንዳልኩህም ታምሜ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ የሚለቀመውንም በስፖንጅ ጠረግከው!

ቀለም አልቆብኝ አልነበረም። በእኔ ሥራ ነጭ ማለት ወረቀቱ ነው። እንዲበራ ከተፈለገ ሳይነኩት መተው ነው፤ አንዴ ከተነካ አይመለስም።

ተናድጄ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን የካርታ ቢሮውን አስታወስኩ። ኃላፊያችን ነጭ የቀረበት ቦታ ካየ በቀይ እርሳስ ይከብብና ጠረጴዛዬ ላይ ይመልሰው ነበር። ነጭ ቦታ ማለት ያልተለካ መሬት ነው፣ ያልተለካ መሬት ደግሞ የቢሮው ውርደት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ሳጠፋ ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ልተወው ብዬ አስቤ እጄ ራሱ ሄዶ ይቀባዋል። ስድስቱን አይተህ ከሆነ ጥፍር የምታህል ነጭ የለባቸውም። መተው የቻልኩት በሰባተኛው ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስለዚህ አባትህ ጣቱን ሲያስቀምጥ ምን እንደ ተሰማህ አውቃለሁ። በአንተ ዕድሜ ይህን ሥዕል ሰው ቢልክልኝ እኔም እቀባው ነበር። ስለ ነጩ አስቀድሜ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር፤ ለእኔ ግልጽ የሆነው ለሰው ሁሉ ግልጽ መስሎኝ ተውኩት።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፣ ገና ነኝ። ውሸቱ ደግሞ ከስፖንጁ ይብሳል። ነገር ግን ነሐሴ ሩቅ ነው፣ ብሩሾቼንም ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጃለሁ።

ይህን አድርግልኝ። ፎቶ አላነሳሁትም፣ ንድፍም አላስቀረሁም። ኮረብታና ወንዝ እጄ ያውቃል። ነጮቹ የት የት እንደ ነበሩ፣ ምን ቅርጽ እንደ ነበራቸው ግን ልቤ አልያዘውም፤ ሥራው ላይ እያለሁ በዓይኔ ብቻ ነው የተውኳቸው። ሥዕሉ የቆመው ደግሞ በእነሱ ላይ ነበር። ከእኔ ሌላ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ።

እትዬህ


ግንቦት 22

ለእትዬ፤

ከዝምታ ስላወጡኝ ፈጣሪ ውለታዎን ይክፈልልኝ። ገና ነኝ ማለትዎንም ወድጄዋለሁ፤ እውነት ነው።

ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገርኳት። «ቀለም ቀቢ ባትሆን ኖሮ አታበላሸውም ነበር» አለችኝ፤ ስድብ ይሁን ማጽናኛ አልገባኝም። የመሃሉን ቦታ ግን ለማንም አልሰጠችም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎት። ልጽፍልዎት ቁጭ ብዬ ሳስብ ኮረብታዎቹ ስንት እንደ ነበሩ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ዛፍ ነበረ፣ ስንት ረድፍ? እንጃ። አየሁት እንጂ አልተመለከትኩትም። ነጮቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ጠርዝ ይዤ የቀባሁትን ቦታ እጄ አይረሳም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የቀባሁትን የመስኮት ፍሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልዞረው እችላለሁ።

ስለዚህ ከዚያችው ሻጭ በልኩ አንድ ሉክ ገዛሁ። ብሩሹን ሳላርጥብ ይዤ፣ እጄ በሄደበት እየተከተልኩ፣ በእርሳስ ከበብኳቸው። ሌላ ምንም አልሣልኩበትም። አምስት ናቸው።

አንደኛው ከላይ በስተቀኝ ያለው ክብ ነው፣ የሻይ ስኒ አፍ ያክላል። ሁለተኛው በወንዙ ላይ የተጋደመው ረጅሙ ነው፤ ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ጥርስ ጥርስ ነበረው። ሦስተኛው ሸለቆውን የሚያቋርጠው ጠመዝማዛ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይቀጥናል። አራተኛው ከታች ያሉት ሦስት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ናቸው፣ ጎን ለጎን። አምስተኛዋ በስተግራ ዳር፣ ከኮረብታ ሥር ነበረች፤ ሁለት ጣት ትሰፋለች። እሷን በደንብ አስታውሳታለሁ፣ ጠርዟ እንደ ሌሎቹ ጥርት ያለ አልነበረም፤ ብሩሽ ቀለም ሲጨርስ እንደሚተወው ያለ ነው።

ሉኩን በኮምፔንሳቶ አስሬ ልኬዋለሁ። ገንዘብ አላስገባሁም።

ችኩሌ


ሐምሌ 18

ይድረስ ለችኩሌ፤

ዕድሜህ ይርዘም፤ ዓይንህን ይባርክልኝ። ዛሬ ምርቃቴ ለዓይንህ ነው፣ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

የላክኸውን ሉክ ከጣውላዬ አጠገብ አቆምኩት። አራቱን እንዳየኋቸው አወቅኋቸው። ክቡ ፀሐይ ነው፣ ረጅሙ ጉም፣ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ሦስቱ ቅርጾች ጣሪያዎች ናቸው። የጉሙን ጥርስ ሳይቀር አምጥተህልኛል። ሳየው ንዴቴ ለቀቀኝ። አሁን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከልቤ ነው።

አምስተኛዋን ግን አላወቅኋትም። እዚያ ምንም አልተውኩም። ወይ ተሳስቷል፣ ወይ ጥፋቱን ሊያሳንስ ጨምሯታል ብዬ ተውኳትና ሥራዬን ጀመርኩ። አምስት ሳምንት ሠራሁ። ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችና «ከፊተኛው ይበልጣል» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ቀለም አልደረሰም» ስትል ጣቷን በስተግራ ዳር፣ ከኮረብታው ሥር አስቀመጠች። አንገቴን ዞር አድርጌ ሳይ እውነትም ባዶ ነው። ያንተ አምስተኛ ቦታ፣ ያው እሱ። ሁለት ጊዜ ሠርቼው ሁለት ጊዜ ዘልዬዋለሁ።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። አገጬን መሣሪያ ላይ አስቀምጠው «መብራት ባዩ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ» አሉኝ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ከዚያ መብራቱ ቆመ። «ጨረስን?» ብዬ ጠየቅኩ። አልጨረስንም ነበር። በግራ በኩል እየበራ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። የዓይን ግፊት ነው አለ ሐኪሙ፤ አያምም፣ አይቆረቁርም፣ ከዳር እየበላ ይገባል፣ አእምሮ ደግሞ የጠፋውን ራሱ እየሞላ ያሞኛል። ለካ የበሩ መቃን ግራ ትከሻዬን የሚመታኝ ለዚህ ኖሯል፤ እኔ በሩን ነበር የምረግመው። የጠፋው አይመለስም። ጠብታውን በየማታው ካደረግሁ የቀረው ይቆይልኛል። «ዓመት ቆይተው ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

ፈራሁ፣ ችኩሌ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት በዓይኔ ነው። አሁንም እፈራለሁ፣ በተለይ መብራት ሳጠፋ። ነገር ግን በእርሳስ ከበህ ባትልክልኝ ልብስ ሰፊዋን «ሂጂ፣ ሆን ብዬ ነው» ብዬ እመልሳት ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሥዕሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቷል። አምስተኛዋን ቦታ አልቀባኋትም፤ ትተኸው ስቀል ማለቴ ግን አይደለም። አራቱ የእኔ ነጮች ናቸው፣ እሷ ስህተት ናት፣ መሞላት አለባት። እንድትሞላት የፈለግሁት አንተን ነው። ከሥዕሉ ጋር በላክኋት ትንሽ ክዳን ውስጥ የደረቀው አረንጓዴ የኮረብታው ቀለም ነው። ሦስት ጠብታ ውሃ አድርግበት። ብሩሹን ሙላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ። ቢያምርህም ባያምርህም አትመለስበት። ከዚያ ክፍሉን ለቅቀህ ውጣ።

እጄ ሊያደርገው ይችል ነበር፣ ዛሬም ይችላል። ግን ከእንግዲህ ግራዬን የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ እሱን ካሁኑ ማመን ልጀምር።

እትዬህ


ነሐሴ 21

ለእናቴ ለእትዬ፤

ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጠብታው ፈውስ፣ ለልብስ ሰፊዋ ረጅም ዕድሜ። እሷን ሳላውቃት እወዳታለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት መሰላል ላይ ነው። ወርጄ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ።

በዚያን ዕለት አልነካሁትም። በተበላሸው ሥዕል ጀርባ ላይ ሌላ አረንጓዴ ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ተለማመድኩ፣ ከአርባ በላይ ይሆናል። በሮለር የለመደ እጅ ክብደቱን ማንሳት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጄን ታጥቤ ሦስቱን ጠብታ አደረግኩ። አንድ ጊዜ ሳብኩ። መሃል ላይ ትንሽ የሳሳ መሰለኝና እጄ ሊመለስ ተነሳ። ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። እስከ ምሳ ድረስ መንገዱን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ስመለስ ደርቆ ነበር፣ የሳሳውም ራሱ ሞልቷል።

ትናንት ተከፈተ። ሰባቱም ተሰቅለዋል፣ ትልቁ ከመሃል። ካርዶቹን እኔ ነኝ የጻፍኳቸው፤ ስምዎን ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሲደጋገም እጄ እያማረ ሄደ። ካልታዘልኩ አላምንም ብለው ነበር፤ ይኸው ታዘሉ። ስልሳ የሚሆን ሰው መጥቷል። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ካርዱን አነበቡ፣ ስምዎን በአፋቸው እንደ ምንም ሞከሩት፤ «እንዲህ ነው የሚባለው?» አሉኝ። አስተካከልኩላቸው፣ ደግመው በትክክል አሉት። የጉሙ ጥርስ ጋ ሁለት ሴቶች ብዙ ቆመው ተከራከሩ። የሥራ ጓደኞቼ ንጹሕ ልብስ ለብሰው መጥተው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ፣ እንዳይነኩ ፈርተው ነው።

እኔ እስኪዘጋ ድረስ በሥዕሉ ግራ በኩል ቆሜ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያይ አይ ነበር። ፀሐዩን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ጣሪያዎቹን በጣት አሳዩ። እኔ በቀባኋት ቦታ ላይ የማንም ዓይን አልቆመም። ማንም አላያትም፣ እትዬ። አባቴ አምፖል ይዞ ቢመጣ እንኳ አያገኛትም ነበር።

ጠብታውን ማታ ማታ እንዳይረሱ። ስምንተኛውን ሲጨርሱ ይላኩልኝ፤ ከግራ ጀምሬ አየዋለሁ።

ልጅዎ ችኩሌ